«ጨጓራዬ ነው» እያሉ ቃርን በክኒን ማባበል እስከ መቼ?

«ለአምዱ አዘጋጆች፦ እኔ ከጨጓራዬ በስተቀር ደህና ነኝ። ዕድሜዬ 24 ነው። የምሠራው አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካሉት የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች በአንዱ ሲሆን ቀኑን ሙሉ ሲንጀር ላይ አጎንብሼ ነው የምውለው። ደረቴ መሐል እሳት ሲነድብኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በተለይ ማታ እራት በልቼ ጋደም ስል ጎምዛዛ ውሃ እስከ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና ያንቀኛል። ደባሎቼ ‹ጨጓራ ነው፤ ኦሜፕራዞል ግዢ› አሉኝና ከፋርማሲ እየገዛሁ መዋጥ ጀመርኩ። ሲያቃጥለኝ አንድ፣ ሲብስብኝ ሁለት እውጣለሁ፤ ሲተወኝ እተወዋለሁ። ካቆምኩ በሳምንቱ ይመለሳል፤ እንዲያውም ከበፊቱ ብሶበት ነው የሚመጣው። በዚህ ላይ ለወገቤ ማስታገሻ እወስዳለሁ።

«ካለፉት ሁለት ወራት ወዲህ ደግሞ ደረቅ ዳቦና ሥጋ ስጎርስ እዚህ ደረቴ ላይ ቆም ይልብኛል። ውሃ ካልጠጣሁበት አይወርድም። የትውልድ አገሬ አርሲ ነው። በልጅነቴ የአባቴ ወንድም ‹ምግብ አልወርድ አለኝ› እያለ መንምኖ ሲሞት አይቻለሁና ማታ ማታ እንቅልፍ አጣሁ። መታየት ፈልጌ ነበር፤ ግን አንድ ቀን ከቀረሁ የወር ቦነሴ ይቀራል ብዬ ፈራሁ። እባካችሁ ክኒኑን ልቀጥል ወይስ ልተው? ከዚህ ጠንከር ያለ መድኃኒትስ አለ?

ቃጠሎ ያማረረኝ ነኝ፤ ከአዳማ»

ውድ «ቃጠሎ ያማረረሽ» እህታችን፦ ደብዳቤሽ ደርሶናል። እንዲህ ዘርዝረሽ መጻፍሽ ጥሩ አድርገሻል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ይሁንና ከጻፍሽው ሁሉ ዓይናችን የቀረው ቃጠሎው ላይ ሳይሆን ዳቦው ላይ ነው። «ደረቴ ላይ ቆም ይልብኛል» ያልሽው ነገር ከሁለት ዓመቱ ቃጠሎ ሁሉ ይበልጥብናል። ስለዚህ መልሱን ከመጨረሻው እንጀምርልሽ። አሁን የሚያስፈልግሽ ጠንከር ያለ ክኒን አይደለም፤ መታየት ነው። ሳምንት ሳትጨምሪ ሄደሽ ካርድ አውጪ። ስትገቢም «ጨጓራዬን አሞኛል» ብለሽ አትጀምሪ። «ደረቅ ምግብ ስውጥ ይቆምብኛል፤ ሁለት ወር ሆነኝ» ብለሽ ጀምሪ። ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሐኪሙ የሚጠይቅሽንም የሚያዝልሽንም ትለውጠዋለች።

ለምን እንዲህ እንዳልንሽ፣ ስለ ክኒኑም ማወቅ የሚገባሽን ተራ በተራ እንይ። ከአንቺ ጋር ለብዙ አንባቢያችንም ይጠቅማል።

ጨጓራ ወይስ ቃር?

በአገራችን ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ አንድ ነው፦ «ጨጓራ»። ሆድ ቢነፋ ጨጓራ፣ ደረት ቢያቃጥል ጨጓራ፣ ሰው ቢናደድ እንኳ «ጨጓራዬን ላጠው» ነው የሚባለው። አንቺ የጻፍሽው ግን እናቶቻችን ከድሮ ጀምሮ ለይተው «ቃር» የሚሉትን ነው። ሐኪሞች «ሪፍለክስ» ይሉታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የበላነው ወደ ጨጓራ የሚወርድበት የምግብ ቧንቧ አለ። ቧንቧውና ጨጓራው በሚገናኙበት ቦታ ደግሞ እንደ ከረጢት ማሰሪያ የሚጠብቅ የጡንቻ ቀለበት አለ። ምግብ ሲወርድ ይከፈታል፤ ካለፈ በኋላ ይዘጋል። ጨጓራ ምግብ የሚፈጭበትን ኃይለኛ አሲድ ያመነጫል፤ ራሱን ከዚያ አሲድ የሚጠብቅበት ልባስም ተሰጥቶታል። ቧንቧው ግን ያን ያህል መከላከያ የለውም። እንግዲህ ማሰሪያው ሲላላ፣ ወይም ባልሆነ ሰዓት ሲከፈት፣ አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል። አልፎ አልፎ ሲሆን ማንንም የሚይዝ ቃር ነው፤ ያልፋል። በየሳምንቱ ደጋግሞ ሲመላለስ ግን የቧንቧው ግድግዳ ይቆጣል፣ ይላጣል፣ ይቆስላል። ቁስሉ እየዳነ እየተመለሰ ሲኖር ደግሞ እንደ ማንኛውም ጠባሳ ይኮማተርና ቧንቧውን ያጠበዋል። ያን ጊዜ ነው ዳቦና ሥጋ መቆም የሚጀምረው።

«ታዲያ ባክቴሪያ ነው ብለውኝ መድኃኒት የወሰድኩትስ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የጨጓራ ባክቴሪያ (ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ) በአገራችን በጣም የተሰራጨ ነው፤ ከሁለት ሰው አንዱ ገደማ ይዞት ይኖራል። ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች የጨጓራና የትንሹ አንጀት ቁስለት አምጪ እሱ መሆኑን አሳይተው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ማርሻልማ ሰው አላምን ቢለው እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ነው የታመመው! ሆኖም ይህ ባክቴሪያ የጨጓራ ቁስለት እንጂ የቃር አምጪ አይደለም። ስለዚህ ባክቴሪያው በምርመራ ተገኝቶ መድኃኒቱን የጨረሰ ሰው ቃሩ ባይተወው «መድኃኒቱ አልሠራም» አይበል፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

ክኒኑ ምን ይሠራል? ምንስ አይሠራም?

የአሲድ መድኃኒቶች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ የሚታኘኩትና በሽሮፕ መልክ የሚጠጡት አንታሲዶች ናቸው። የተፈጠረውን አሲድ ያረክሱታል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያስታግሳሉ፤ ነገር ግን ቶሎ ያልቃሉ፤ ቁስልም አያድኑም። ሁለተኞቹ እንደ ሲሜቲዲንና ፋሞቲዲን ያሉት ናቸው። ሲሜቲዲን እ.ኤ.አ. በ1976 እንግሊዝ አገር ገበያ ላይ ሲውል ለጨጓራ ቁስለት ቢላ ሥር ይተኙ የነበሩ ብዙ ሰዎችን ከኦፕራሲዮን አድኗል። ለዚህ መድኃኒት መገኘት መንገድ የከፈተው ጄምስ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1988 ኖቤል ተሸልሟል። ሦስተኞቹና ከሁሉም የሚጠነክሩት አንቺ የምትወስጂው ኦሜፕራዞልና ዘመዶቹ፣ ማለትም ፓንቶፕራዞል፣ ላንሶፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞል ናቸው። ኦሜፕራዞል ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1988 ስዊድን ውስጥ ነው።

በነገራችን ላይ ከሁለተኞቹ ወገን የነበረው ራኒቲዲን ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር ቅንጣት በውስጡ በመገኘቱ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ከገበያ እንዲወጣ ጠይቋል። ቤቱ የቆየ ያለው ሰው ሳይውጥ ፋርማሲስት ይጠይቅ። «ኦሜፕራዞል ካንሰር ያመጣል» እየተባለ የሚወራው ወሬ ከዚህ ጋር ተደባልቆ ሊሆን ይችላልና ሁለቱን አናምታታቸው።

ስለዚህ «ጠንከር ያለ አለ ወይ?» ላልሽው፣ በእጅሽ ያለው ራሱ ጠንካራው ነው። ችግሩ ከአወሳሰዱ ላይ ነው። አንድ ነገር ግን አስምሪበት፦ ክኒኑ የላላውን ማሰሪያ አይጠግንም። የሚያደርገው የሚመለሰውን ነገር አሲድነት መቀነስ ነው። አሲዱ ሲቀንስ ቁስሉ ፋታ አግኝቶ ይድናል። ማሰሪያው ግን ያው ማሰሪያ ነው፤ አበላልና አተኛኝ ካልተስተካከለ ነገም ይከፈታል።

ለመሆኑ እንዴት ነው የሚዋጠው?

የጨጓራ ግድግዳ ውስጥ አሲድ የሚረጩ እጅግ ጥቃቅን ፓምፖች አሉ። ሥራ የሚጀምሩት ምግብ ሲመጣ ነው። ኦሜፕራዞል የሚዘጋው ደግሞ ሥራ ላይ ያለውን ፓምፕ ነው፤ የተኛውን አይነካም። ስለዚህ መድኃኒቱ ቀድሞ ደም ውስጥ ገብቶ ፓምፖቹን መጠበቅ አለበት። ሐኪሞች «ከቁርስ በፊት ግማሽ ሰዓት» የሚሉት ለዚህ ነው። ከምግብ በኋላ ወይም ማታ ሲያቃጥል መዋጥ ሌባው ከወጣ በኋላ በር መዝጋት ነው።

አንቺ ጠዋት በሰርቪስ ከሆነ የምትሄጂው ነገሩ ቀላል ነው። ከመኝታሽ ስትነሺ በውሃ ዋጪው፤ ልብስሽን ለብሰሽ፣ ሰርቪስ ጠብቀሽ እስክትደርሺ ግማሽ ሰዓቱ ይሞላል፤ ከዚያ ቁርስሽን ብዪ። ቁርስ የማትበዪ ከሆነ ግን የጠዋቷ ካፕሱል ግማሽ ሥራዋ ባከነ ማለት ነው፤ የቀኑ የመጀመሪያ ምግብሽ ከሆነው በፊት አድርጊው። የሚጾም ሰውም እንዲሁ ያስላ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ከ9 ሰዓቱ ምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መዋጥ የሚፈቅድለት እንደሆነ ይጠይቅ፤ ካልሆነ ጾሙን በውሃና በክኒኑ ፈትቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይብላ። በረመዳንም በሱሁር በፊት ወይም በማፍጠሪያ ሰዓት በዚሁ መንገድ ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር ቀኑ ነው። ኦሜፕራዞል በአንድ ቀን ሙሉ ኃይሉን አያሳይም፤ ሦስት አራት ቀን በተከታታይ መወሰድ አለበት። አንቺ ሲያቃጥልሽ አንድ፣ ሲብስ ሁለት ስትውጪ ከርመሽ ቁስሉ አንድም ቀን የተሟላ ሕክምና አላገኘም። የቆሰለ የምግብ ቧንቧ በአብዛኛው በቀን አንድ ጊዜ 20 ሚሊ ግራም፣ ሳይቋረጥ እስከ 8 ሳምንት ይታዘዝለታል፤ እንደ ቁስሉ ሁኔታ ሐኪሙ መጠኑን ሊያሳድገው ይችላል። ሁለት ዓመት እየቆራረጡ ከመውሰድ 8 ሳምንት በወጉ መውሰድ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ካፕሱሉን አትክፈቺው፣ አታኝኪው። ውስጡ ያሉት ፍሬዎች የተሸፈኑት የጨጓራ አሲድ ራሱ መድኃኒቱን እንዳያበላሸው ነው። ሙቀትና እርጥበትም አይወድም። የአዳማን ፀሐይ ታውቂዋለሽ፤ በመስኮት ሥር ወይም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ በሚውል ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጪው። ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ግዢ፤ ማብቂያ ቀኑን እይ።

ሲተዉት ለምን ይብሳል?

«ካቆምኩ በሳምንቱ ከበፊቱ ብሶ ይመጣል» ብለሻል። ልክ ነሽ፤ ቅዠት አይደለም። ለወራት አሲድ የተከለከለ ጨጓራ ክኒኑ በድንገት ሲቀርበት እንደታፈነ ምንጭ ገንፍሎ ከወትሮው በላይ ያመነጫል። ይህ ለጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ይረጋጋል። ይህን የማያውቅ ሰው ግን «ያለ ክኒን መኖር አልችልም» ብሎ ይመለስበታል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት ይቆጠራል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። መላው በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ መቀነስ፣ በመሐል የሚመጣውን ቃጠሎ ደግሞ በአንታሲድ ማሳለፍ ነው።

ረጅም ጊዜ መውሰድ የግድ የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ። ቁስላቸው የከፋ፣ ቧንቧቸው የጠበበ ሰዎች ሐኪም ካዘዘላቸው በሰው ወሬ ፈርተው አይተዉት። ያለ ሐኪም ለዓመታት የሚውጡ ግን ይህን ይወቁ፦ አሲድ ሲጠፋ ሰውነት ብረትንና ቫይታሚን ቢ12ን ከምግብ የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል፤ በደም ውስጥ ያለ ማግኒዥየም ሊወርድ ይችላል፤ የአንጀት ኢንፌክሽንም ይቀልላል። የወር አበባ የሚበዛባትና ለደም ማነስ የብረት ክኒን የምትወስድ ሴት በተለይ ለሐኪሟ ትናገር። የልብ መድኃኒት ክሎፒዶግሬል የሚወስድ ሰው፣ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ሳይጠይቅ ኦሜፕራዞል አይጨምር፤ አንዳንዶቹ አይስማሙም። ነፍሰ ጡር እናት ቃር ቢያቃጥላት የተለመደ ነገር ነውና አትደንግጥ፤ መድኃኒቱን ግን ከክትትል ሐኪሟ ጋር ትምረጥ።

ሌላው ተጠርጣሪ

ደብዳቤሽ ላይ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር አለ፤ የወገብ ማስታገሻው። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ለጨጓራ አይመቹም፤ ያቆስላሉ፤ ያደማሉ። በዚያ ላይ ክኒን በትንሽ ምራቅ ወይም በአንድ ጉንጭ ውሃ ተውጦ ወዲያው ጋደም ከተባለ ጨጓራ ሳይደርስ ቧንቧው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ የተጣበቀበትንም ቦታ ያቃጥለዋል። በዚህ ከሚታወቁት ውስጥ ለተስቦ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን፣ የብረት ክኒን፣ አስፕሪንና እነዚሁ ማስታገሻዎች ይገኙበታል። ማንኛውም ሰው ክኒን ሲውጥ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጥ፤ ከዋጠ በኋላም ግማሽ ሰዓት ቁጭ ወይም ቆም ይበል። አንቺ እስክትታዪ ድረስ ለወገብሽ ፓራሲታሞል ይሻልሻል፤ እሱንም ከመጠኑ ሳታሳልፊ። የምትወስጃቸውን ሁሉ ማሸጊያቸውን ሰብስበሽ ይዘሽ ሂጂ፤ «ነጯ ክኒን» ማለት ለሐኪም ምንም አይነግረውም።

የአርሲው ፍርሃት

አሁን ወደ እንቅልፍ ያሳጣሽ ነገር እንምጣ። ፍርሃትሽ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ሸፍነን አናልፈውም። ከኢትዮጵያ ደቡብ ተነስቶ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከሌላው ዓለም ይልቅ የሚበዛበት መስመር አለ፤ በአገራችን ደግሞ በአርሲና በባሌ እንደሚበዛ ሐኪሞች ከታወቃቸው ቆይቷል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሚደርሱት የዚህ በሽታ ሕሙማን ብዙዎቹ ከዚያው አካባቢ የሚመጡ ናቸው። አጥኚዎች ከሚጠረጥሯቸው ነገሮች አንዱ ትኩስ ገንፎና ትኩስ መጠጥ እንደፈላ መዋጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ መጠጥ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚባሉት መድቦታል። ነገሩ ቡናው ወይም ሻዩ አይደለም፤ ግለቱ ነው። እንግዲህ ገንፎውን ትንሽ ጠብቆ፣ ቡናውን አብርዶ መጠጣት ምንም ወጪ የሌለው ጥንቃቄ ነው።

ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ በዪ። አንደኛ፣ ያ በአርሲ የሚበዛው ካንሰር ከቃር የሚነሳው ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ «ሁለት ዓመት ቃር ስላለብኝ ካንሰር ሆነ» ብለሽ አትደምድሚ። ሁለተኛ፣ በ24 ዓመት ዕድሜ ከካንሰር ይልቅ የቧንቧ መቆጣት፣ ጠባሳ ወይም የክኒን ቁስል የመሆን ዕድሉ ይበልጣል። ይሁንና ሦስቱም ሆኑ ካንሰሩ የሚናገሩት በአንድ ቋንቋ ነው፦ «ምግብ ቆመብኝ» በሚል። ከውጭ ሆኖ የሚለያቸው የለም። ኦሜፕራዞል ደግሞ ቃጠሎውን እያረገበ ሰውየው «ተሻለኝ» ብሎ እንዲቀመጥ ያደርገዋል፤ የሚቆመው ምግብ ግን መቆሙን ይቀጥላል። ለዚህ ነው ቃጠሎው ቢጠፋልሽ እንኳ መታየቱን አትተዪ የምንልሽ።

ምርመራው ኢንዶስኮፒ ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ አጭር ነው። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ሳትበዪ ትሄጃለሽ። ጉሮሮሽን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይረጩልሽና ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው፣ እንደ ጣት የቀጠነና የሚተጣጠፍ ቱቦ ያስገባሉ። ያቅለሸልሻል፤ ግን መተንፈስ አይከለክልም፤ በደቂቃዎች ያልቃል። ካስፈለገ ከግድግዳው ቅንጣት ናሙና ይወስዳሉ፤ አያምም። ቧንቧው ጠቦ ከተገኘም በዚያው መንገድ ሊያሰፉት ይችላሉ። መጀመሪያ በአቅራቢያሽ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ እነሱ ሪፈር ይጽፉልሻል። በከተማሽ ድሮ ኃይለማርያም ማሞ ይባል የነበረው የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ አለ፤ ምርመራው የት እንደሚሠራልሽ የሚመሩሽ እነሱ ናቸው። ከቀጠሮው በፊት ኦሜፕራዞል አቁሚ ወይም አታቁሚ የሚልሽም ሐኪሙ ነው። ባክቴሪያውን ለመመርመር ከሆነ መድኃኒቱ ውጤቱን ሊያሳስተው ስለሚችል ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይቋረጣል።

አልጋ የሌለው ሰው ምን ያድርግ?

የሐኪም ምክር ሁሌም «የአልጋህን ራስጌ ከፍ አድርግ» ይላል። ከሁለቱ የራስጌ እግሮች ሥር ጡብ ወይም እንጨት አስገብቶ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ በእርግጥም ይረዳል፤ አሲድ እንደ ውሃ ነው፣ ሽቅብ አይፈስም። ግን እንደናንተ ደባል ሆኖ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፎ የሚተኛ ሰው ጡቡን የት ያግባው? እንዲህ አድርጊ፦ የታጠፈ ጋቢ፣ ያገለገለ ልብስ የሞላበት ጆንያ፣ የተገኘውን ሁሉ ከፍራሹ ሥር ከወገብሽ በላይ ባለው በኩል አስገቢና ተዳፋት ሥሪ። ትራስ ብቻ መደራረብ አይጠቅምም፤ አንገትን ያጥፋል፣ ሆድን ይጫናል። ስትተኚ በግራ ጎንሽ ተኚ፤ በግራ ሲተኙ ጨጓራ ከማሰሪያው በታች ስለሚውል አሲዱ ወደ ላይ መመለስ ይከብደዋል።

እራትና መኝታን ሦስት ሰዓት ያህል ማራራቅ ተገቢ ነው። ማታ ደክሞሽ ገብተሽ፣ አብስለሽ፣ ንጋት ላይ ለምትነሺ ልጅ ይህ ቀልድ ሊመስልሽ ይችላል። እንግዲያው ክብደቱን ወደ ቀኑ አዙሪው። ምሳሽን ጠግበሽ ብዪ፤ ከሥራ ስትወጪ የሚያዝ ነገር ቅመሺ፤ ማታ ጥቂት ብቻ ብዪና ቢያንስ ዕቃ እስኪታጠብ፣ ልብስ እስኪዘጋጅ ቆመሽ ቆዪ። ማታ ቅባት የበዛበትን፣ እንደ ሳምቡሳና ብስኩት ያለውን ተዪው፤ ቅባት ጨጓራ ውስጥ ይቆያል። ለስላሳ መጠጥ ሆድን ይነፋና ማሰሪያውን ይገፋዋል። አልኮልና ሲጋራ ደግሞ ራሱን ማሰሪያውን ያላሉታል። በርበሬ ቃርን አይፈጥርም፤ የቆሰለን ቦታ ግን ይለበልባል። እስኪድን ቀነስ አድርጊው እንጂ ዕድሜ ልክ አልጫ ብዪ ያለሽ የለም። ቡና አንዱን ይቀሰቅስበታል፣ ሌላውን አይነካውም፤ ራስሽን አይተሽ ወስኚ።

ወተቱና ተልባውስ? ተልባ ይለሰልሳል፤ ጉዳት የለውም፤ ቁስል ግን አያድንም። ወተት ሲጠጡት ያበርዳል፤ ቆይቶ ጨጓራን ተጨማሪ አሲድ ያስመነጫል። በሥራ ቦታም ቀበቶና የቀሚስ ማሰሪያ አታጥብቂ፤ ከምሳ በኋላ ወዲያው ከማጎንበስ በእረፍቱ ጊዜ ጥቂት ተራመጂ።

ስለ ቦነሱ

አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ እንዳንቺ ከአርሲም ከሌላም ቦታ መጥተው ኑሯቸውን እዚያ የመሠረቱ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ አንዲት ቀን መቅረት ምን ያህል እንደምታስፈራ ይገባናል። ነገር ግን መብትሽን እወቂ። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር በግማሽ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነው። ከአንቺ የሚጠበቀው ሁለት ነገር ነው፦ ቢዘገይ በማግስቱ ለድርጅቱ ማሳወቅና የሕክምና ማስረጃ ማምጣት። ስለዚህ ስትታከሚ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሳትቀበዪ አትውጪ። ቦነሱ የድርጅቱ ደንብ ጉዳይ ነውና ሊቀር ይችላል፤ ቀድመሽ ለኃላፊሽ ብትነግሪ ወይም የዕረፍት ቀንሽን ብትጠቀሚ ላይቀርም ይችላል። ቢቀርም ግን የአንድ ወር ቦነስ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል!

እስክትታዪ ድረስ ሁለት ሁለት መዋጡን ተዪ። አንድ ካፕሱል፣ ጠዋት፣ ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት፤ ምግብሽን በደንብ አኝኪ፣ ደረቁን አርጥቢ፣ ሥጋውን አድቅቂ።

እነዚህን ያየ ቀጠሮ አይጠብቅ

ለሁላችሁም አንባቢያን፦ ምግብ ሲዋጥ የሚቆምበት ወይም የሚያመው፣ ሳይፈልግ የሚከሳ፣ ትውከት የማያቆምለት፣ ደም ማነስ የተገኘበት፣ ዕድሜው ከ55 አልፎ ቃር አዲስ የጀመረው ሰው ክኒን ገዝቶ አይቀመጥ፤ ይታይ። ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ያስታወከ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ የዋጠው ተሰንቅሮ ምራቁን እንኳ መዋጥ ያቃተው ሰው ደግሞ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይግባ። እንዲሁም ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የሚመጣ ሕመም ቃር ነው ተብሎ በአንታሲድ የሚሞከር አይደለም፤ የልብ ሊሆን ይችላልና ሩጡ።

እህታችን፣ ውጤቱን ስታውቂ ብትጽፊልን ደስ ይለናል። እግዚአብሔር ይማርሽ። ሳምንት በሌላ ጥያቄ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።